የጋሽ ተካልኝ ሰዓት

ሲያረጁ ቅናት ይለቃል ያለኝ ማን ነበር? ማንም ይሁን ዋሽቶኛል። እኔ ይኸው ሰባ ልደፍን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ እግሬን ፀሐይ ሳስመታ፣ ግቢያችን ውስጥ የቆመች አንዲት የማላውቃት ሴት እጅ ላይ የማውቀውን ሰዓት አየሁና ቅናቴ ተነሳ። አረንጓዴ ገጽ ያለው፣ ማሰሪያው ብረት የሆነ የድሮ የወንድ ሰዓት ነው። ለቀጭን እጅ እንዲሆን ከማሰሪያው ላይ ተቀንሶለታል። ያም ሆኖ የትም ባየው አልስተውም። የጋሽ ተካልኝ ሰዓት ነው።

ነገሩን ያመጣው የጎረቤቴ የዳዊት መኪና ነው። ዳዊት መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግድ፣ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው። በቅርቡ ከውጭ የገባች፣ በሁለት ሦስት ሰው እጅ ያለፈች ትልቅ መኪና ገዛ። ይቺ መኪና ከኋላ የብረት ሞላ የላትም። በሞላው ፋንታ አየር የሚሞላ የጎማ ከረጢት ነው የተገጠመላት፤ ሰው ሲሳፈር፣ ዕቃ ሲጫን ራሷ አየር እየሞላች ቁመቷን ታስተካክላለች። ምቾቷ ለብቻው ነው አሉ። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ግን ከረጢቱ ተቀዶ በኋላዋ ቁጭ ብላለች፣ ከጎማው በላይ ያለው ፓራፋንጎ ወርዶ ጎማውን ሸፍኖታል። እኔ በዚህ ከተማ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስር የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዳዊት መጥቶ እስኪያማክረኝ ጠበቅሁ። ሳምንት ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ ቆም እያልኩ፣ ጎንበስ ብዬ እያየሁ፣ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ጠበቅሁ። እሱ «ደህና አደሩ ጋሼ» ብሎኝ ወደ ታክሲው ይሄዳል። ለካ ሌላ ሰው ጠርቷል። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ነጭ ፒክአፕ ወደ ግቢው ገባችና ከውስጧ ማን ቢወርድ ጥሩ ነው? ናስር።

ናስርን የማውቀው ሁለታችንም ሃያን ገና ከረገጥንበት ጊዜ ጀምሮ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው አለቃችን ጋሽ ተካልኝ ጋራዥ የገባነው። ጋራዡ ከተክለ ሃይማኖት ወደ ልደታ ሲወርዱ፣ ከእንጨት መሸጫው ጀርባ፣ አጥሩም ጣራውም ቆርቆሮ የሆነ ግቢ ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል፤ ባለፍኩ ቁጥር መኪና የምናነሳበት ክሪክ የቱ ጋ ይቀመጥ እንደነበር በዓይኔ እፈልጋለሁ። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር። ጠዋት ሁለት ትኩስ ፓስቲ በሻይ ከበላህ እስከ ምሳ ማንም አይችልህም። ሱሪያችን ከጉልበት በታች የሚሰፋ ቤልቦተም ስለነበር ከቱታው ስር እየወጣ የጋራዡን ግሪስ ሁሉ ይጠርግ ነበር። አፍሯችንን አበጥረን፣ ማበጠሪያውን ኋላ ኪሳችን ሰክተን ነው መኪና ስር የምንገባው። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቱ ዘፈን ሲመጣ የሬዲዮኑን ድምፅ ለእኛ ብሎ ከፍ ያደርገዋል፣ ዜና ሲመጣ ዝቅ ያደርገዋል። የዚያን ጊዜ ዜና ዝቅ ቢል ነበር የሚሻለው። አሁን በረንዳዬ ላይ ሆኜ የምሰማው የጎረቤት ቴሌቪዥንና የታክሲ ረዳት ጩኸት ነው፤ ዝቅ የሚያደርግልኝም የለም።

ጋሽ ተካልኝ ብዙ አይናገሩም ነበር። አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። ማንም ሰው በክሪክ የተነሳ መኪና ስር ከመግባቱ በፊት የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ሰዓት የሌለው መታወቂያውን፣ መታወቂያ ያልያዘ ማበጠሪያውን ይሰጣል። ተቀባዩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ሥራ የለውም። ክሪኩን ያያል። መኪናውን ከክሪኩ ጋር ተሸክሞ የሚቆመውን የብረት እግር፣ ካቫሌቶ የምንለውን፣ ያያል። ጎማው ስር የተወተፈው ታኮ እንዳይንሸራተት ያያል። ከሥር ያለው በየመሐሉ «አለህ?» ይላል፣ ከላይ ያለው «አለሁ» ይላል። ሰዓቱ ወደ ባለቤቱ እጅ እስኪመለስ ሻይ የለ፣ ወሬ የለ፣ ሽንት የለ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ በዚህ ነገር ሲስቅባቸው፣ «ክሪኩ እኔን አያውቀኝም፤ ይሄ ልጅ ግን ያውቀኛል» አሉት። ይሄ ልጅ ያሉት ናስርን ነው።

ሁልጊዜም ናስርን ነበር። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተን የጋሽ ተካልኝ ሰዓት ወደ ናስር እጅ ሲሄድ ያየሁትን ያህል ፀሐይ ስትወጣ አላየሁም። እጅ ከተባለ እኮ የኔ እጅ ነበር! ባሌስትራ፣ ያን የጭነት መኪና ከባድ ሞላ፣ አውርጄ ስጨርስ ናስር ገና ብሎኑን በናፍጣ እያጠበ ነው። ሞተር በድምፁ ብቻ በሽታውን የምናገረው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ «ግርማ የለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው። ይህን ሁሉ ጋሽ ተካልኝም ያውቃሉ። ከባዱን ሥራ ለኔ ይሰጡኛል፣ ሰዓታቸውን ግን ለናስር። አንዳንድ ቀን ቀድሜ ሄጄ ክሪኩ አጠገብ እቆማለሁ፣ ከኔ በቀር በአካባቢው ሰው እንዳይኖር አደርጋለሁ። እሳቸው ሰዓቱን ይፈቱና በትከሻዬ ላይ አሻግረው «ናስር» ብለው ይጣራሉ። ናስርም እጁን በጨርቅ ጠርጎ ይመጣል፣ ሰዓቱን ኪሱ ያስገባል፣ ዝም ብሎ ይቆማል። መቆም ምን ሙያ አለው? እያልኩ ያደርኩበት ሌሊት ይቆጠራል?

ጋሽ ተካልኝ ሲሞቱ ሰዓቱ በኑዛዜ ለናስር ደረሰው። በሰልስቱ ቀን ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ባለቤታቸው እጁ ላይ አስቀመጡለት። እኔ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለጋሽ ተካልኝ ያለቀስኩ መስሎት አጽናናኝ። ከዚያ በኋላ እኔም የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፣ እሱም ተክለ ሃይማኖት የራሱን ከፈተ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ቤት ለቤት ግን አንጠያየቅም። የኔ ጋራዥ ወገቤ ሲያስቸግረኝ ተዘጋ። የሱ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

ሙሉውን ካላወራሁ ግን መዋሸት ይሆንብኛል። ሰዓቱ አንድ ቀን እኔም እጅ ገብቶ ነበር። ጋራዥ በገባሁ በሁለተኛው ወር ይሆናል። ጋሽ ተካልኝ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ስር ሲገቡ እኔ አጠገባቸው ነበርኩና «ያዝ» ብለው ሰጡኝ። እንዲያ ያለ ሰዓት በእጄ ይዤ አላውቅም። እጄ ላይ አሰርኩት። አማረብኝ። ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤቱ ሒሳብ መቀበያ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ታድያ እሷ ሳታየው የታሰረ ሰዓት ምን ሊረባ? እጅጌዬን ሰብስቤ ተሻገርኩ። ሻይ አዝዤ፣ በየደቂቃው ስንት ሰዓት እንደሆነ እያየሁ ጠጣሁ። ልጅቷ አየችው? እንጃ። ዛሬ ስሟን እንኳን አላስታውሰውም። ስመለስ ጋሽ ተካልኝ ወጥተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ሰዓቱን ተቀበሉኝ፣ በጨርቅ ጠረጉት፣ እጃቸው ላይ አሰሩት። ናስር ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ከግቢው ስወጣ ያየኝ ናስር ብቻ ነው። በማግስቱ ሰዓቱ ወደ ናስር ሄደ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? አሳብቆብኛል፣ በኔ ወጥቶ ተወደደ ብዬ ያዝኩበት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ቁልቁል የማየው ይህን ሰው ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ እሱም እንደኔ ሲቀመጥ ጉልበቱን ይይዛል። ከሱ ጋር የመጣችው ባለሰዓቷ ሴት፣ ሲጠራት እንደሰማሁት፣ ልጁ ሐያት ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ቱታ ለብሳ ፀጉሯን በሻሽ አስራለች። የኔ ልጆች አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዷ ነርስ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፤ መፍቻ የያዘ ግን የለም። የናስር ልጅ ትይዛለች። ያም ተጨመረልኝ። ስህተት ልፈልግበት ወንበሬን ወደ በረንዳው ብረት አስጠጋሁ። መጀመሪያ መኪናዋ በራሷ እንዳትነሳ እንዳትወርድ የአየሩን ሥርዓት ከውስጥ በማብሪያው አጠፉት። የእጅ ፍሬን ያዙ። የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አደረጉባቸው። የኋላ ጎማዎቹን ብሎኖች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ፈታ አደረጉ። ከዚያ ክሪኩን ትክክለኛው ቦታ ላይ ገጥመው አነሷት፣ መኪናዋን ከተሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው፣ ስር በግራም በቀኝም ካቫሌቶ አቆሙ። ጎማዎቹን አወለቁ። ሐያት ቱቦውን ፈታ ስታደርገው የቀረው አየር ፉስስ ብሎ ወጣ። ስህተት ፈለግሁ፣ አጣሁ። የጋሽ ተካልኝ ሥራ ነው፣ አንድ ነገር አልጎደለም።

አንድ ነገር በቀር። በቀኝ በኩል ያለው ካቫሌቶ የቆመው የድሮው የፍሳሽ ጉድጓድ ላይ ነው። ጉድጓዱ ተሞልቶ ኮብልስቶን ሲነጠፍበት የብሎኩ ኮሚቴ ውስጥ ስለነበርኩ ቦታውን በደንብ አውቀዋለሁ። ከላይ ሲያዩት ከሌላው ንጣፍ ምንም አይለይም። ክረምት ላይ ግን ውሃ ሊያድል የመጣ ቦቴ አንድ ጎማው እዚያ ላይ ሰምጦበት አይቻለሁ። ናስር ይህን ከየት ያውቃል? በዓይኔ እያየሁ የካቫሌቶው አንድ እግር አንድ ጣት ያህል ወደ ድንጋዩ ገባ። ናስር በግራ በኩል ስለነበር አላየም። ዳዊትም ስልኩን ይነካካል።

እና ዝም አልኩ። አሁን ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። አንድ ጊዜ እንኳን ይፈር አልኩ። መኪናዋ ትንሽ ዘንበል ትበልና ዳዊት ይደንግጥ፣ ማንን መጥራት እንደነበረበት ይወቅ አልኩ። ከሥር ሰው አልነበረም፣ በዚያ ነው ራሴን ያታለልኩት። ወዲያው ሐያት አረንጓዴውን ሰዓት ፈታ ለአባቷ ሰጠችው፣ ካርቶን አነጠፈችና በጀርባዋ ተኛች። አንገቷ ድረስ ገባች። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ ጮህኩ።

«ውጪ! ከስር ውጪ ልጄ!»

ወጣች። ማን እንደሆንኩ እንኳን ሳትጠይቅ ተንፏቅቃ ወጣች። እኔ በነጠላ ጫማ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ስደርስ ናስር ተንበርክኮ የካቫሌቶውን እግር እየዳሰሰ ነበር፤ ሌላ አንድ ጣት ወርዷል። በክሪኩ ከፍ አድርገን ካቫሌቶዎቹን አወጣን፣ ጎማዎቹን መልሰን አሰርን፣ መኪናዋን አውርደን አራት ሆነን ወደ በሩ በኩል ገፋናት፤ እዚያ ከስሩ ደህና አፈር ነው። ከቤቴ ሁለት ወፍራም ጣውላ አመጣሁና መኪናዋን እንደገና አንስተን ካቫሌቶዎቹን በነሱ ላይ አቆምን። ይህ ሁሉ ሲሆን ናስር አንድ ጊዜም ፊቴን አላየም። ሲጨርስ ነው ወደ ጎን የጠራኝ።

«እንዴት አወቅክ?» አለኝ።

«የድሮ ፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ሲሞላ ነበርኩ።»

«ካቫሌቶውን ስናቆም ታይ ነበር?»

«አይ ነበር» አልኩት። መዋሸት አቃተኝ። «ትንሽ እንድታፍር ፈልጌ ነው። ልጅህ ትገባለች ብዬ አላሰብኩም።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባይመታኝም ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ጎንበስ ብሎ ከጉልበቱ ላይ አፈሩን አራገፈ። ያኔ የባሰ ተናደድኩና ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። አንተ ለጋሽ ተካልኝ ባታሳብቅብኝ ኖሮ ያ ሰዓት ዛሬ እኔ ዘንድ ነበር አልኩት። ናስር አሁን ገና ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩን ለማስታወስ እንኳን ጊዜ ወሰደበት።

«ያን ቀን?» አለ። «እኔ አልነገርኩም ግርማ። ከስር ሆነው ‹አለህ?› አሉ፣ መልስ የለም። ደግመው አሉ። ሮጬ መጥቼ ‹አለሁ› አልኳቸው። ድምፄን አወቁት። ግርማስ ሲሉኝ ሽንት ቤት ነው አልኩ። አንተ ግን ሰዓቱን እጅህ ላይ አስረህ ከሻይ ቤቱ መጣህ።»

ደረጃው አጠገብ ያለው የዳዊት የውሃ በርሜል ላይ ቁጭ አልኩ። ዋሽቶልኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት የጠላሁት ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እኔን ሊያድን ዋሽቶልኝ ነበር፣ ያጋለጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ። አላለኝም። ቅናቴን የሰቀልኩበት ሚስማር ተነቀለ፣ ቅናቱ ግን እጄ ላይ ቀረ።

በዚህ መሐል የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። ናስር ወደ ልጁ ተመለሰ። ሥራው እስኪያልቅ ሊያቆየው ይችል ነበር፣ ሶላቱ አያልፍበትም፣ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ሰዓቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሐያት መለሰላትና ጫማውን አራገፈ።

«እኔ ሰግጄ ልምጣ» አላት። «ሰዓትሽን ለጋሽ ግርማ ስጪና ግቢ።»

ሐያት አባቷን አየች፣ እኔን አየች። ከበረንዳ ላይ ምን እያየሁ ዝም እንዳልኩ ስነግረው ሰምታ ይሁን አልሰማች አላውቅም። ሰዓቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ገና ሞቅ ያለ ነበር። እኔም አላሰርኩትም። ጨበጥኩት። እሷ ካርቶኑ ላይ ተኝታ ገባች፣ ናስር ዞር ብሎ ሳያይ ከግቢው ወጣ።

ቆምኩ። መቆም ምን ሙያ አለው ስል የኖርኩት ሰውዬ ቆምኩ። ክሪኩን አያለሁ፣ ካቫሌቶውን አያለሁ፣ ታኮውን አያለሁ፣ ተመልሼ ክሪኩን አያለሁ። ወገቤ ይጠዘጥዘኛል። ባለቤቴ ከበረንዳው ምሳ ቀርቧል ብላ ተጣራች፤ አልመለስኩላትም። ዳዊት ወንበር ላምጣልዎ አለ፣ እንቢ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ የልደታ ዝናብ መምጣቱን ቀድሞ አይናገርም። ዳዊት ሮጦ ደረጃው ስር ተጠለለ። እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ሲጣበቅ ይሰማኛል።

«ጋሽ ግርማ፣ አሉ?» አለች ከስር።

«አለሁ።»

አሮጌውን ከረጢት ጎትታ አወጣች፣ አዲሱን ይዛ ገባች። ዝናቡ በረታ። «አሉ?» «አለሁ።» ከረጢቱ ሲገጠም ክሪኩን እናውርደው ወይ ብላት፣ አይ ጋሼ ይቆዩ አለችኝ፤ ከረጢቱ አየር ሳይዝ ክብደት ካረፈበት ይታጠፍና ይቀደዳል፣ መጀመሪያ አየር ይያዝ። ይህን አላውቅም ነበር። በሷም ቀናሁ። አየሩ ተሞላ፣ ከረጢቱ ተነፋ፣ ሳሙና ውሃ ቀብታ አየች፣ የሚወጣ አየር የለም። በዚያኛው በኩልም ያንኑ ደገመች። «አሉ?» ስንት ጊዜ እንዳለችኝ አልቆጠርኩም። አንዱንም ሳልመልስ አልቀረሁም።

ቀና ስል ናስር ከመስጊድ ተመልሶ የግቢው በር ላይ ቆሟል። ልብሱ ረጥቧል። አልቀረበም። ሰዓት የያዘ ሰው ሥራ ላይ ሌላ ሰው አይገባም፤ የጋሽ ተካልኝ ጋራዥ ሕግ ነው። እዚያው በዝናቡ ቆሞ ጠበቀ። ስንት ነገሩን ቀንቼበታለሁ፣ በሰዓቱ፣ በጋራዡ፣ በልጁ። የዛሬው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ልጄን ሊጎዳኝ ለፈለገ ሰው አስይዤ መሄድ እችል ነበር? አልችልም። ጋሽ ተካልኝ በትከሻዬ ላይ አሻግረው የሚያዩት ይህን ሰው ነበር።

ሐያት ከስር ወጣች። ግሪስ የነካውን እጇን ቱታዋ ላይ ጠርጋ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ሰዓቱን የጨበጡት ጣቶቼ አልፈታ አሉኝ፤ በሩ ላይ ያለው ናስርም አይቶኛል መሰለኝ።

«ጋሽ ግርማ» አለችኝ ለስለስ አድርጋ፣ «ወጥቻለሁ እኮ።»

ሰጠኋት።